የጋሽ እንድሪስ መንኮራኩርና የእትዬ አዛለች ዶሮ

የጋሽ እንድሪስን ሞት የሰማሁት ይፋግ ገበያ ላይ ነው። ለመለዋወጫ የሚሆኑ የተሰበሩ ስልኮች ልገዛ ሄጄ ነበር። ከደብረ ታቦር ጨርቅ ይዞ የሚመጣ አንድ ነጋዴ ከሩቅ አይቶኝ፣ "ሰማህ? ያ ቆርቆሮ ሠሪው ሰውዬ አረፉ እኮ" አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለመሆኑ ያን ነገር ማን ይወርሰዋል?" ሲል ጠየቀኝ።

የትኛውን ነገር አላልኩትም። ደብረ ታቦር ገበያ ዙሪያ "ያ ነገር" ከተባለ አንድ ነገር ብቻ ነው።

ቀብሩ ላይ አልደረስኩም። የእስላም ቀብር መንገደኛ አይጠብቅም። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ስመለስ ሳላስበው ብቻዬን ሳቅሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጋሽ እንድሪስን የሚያውቅ ሰው ግን ይረዳኛል።

ሱቃችን አንድ ግድግዳ ይጋራ ነበር። እኔ ስልክ እጠግናለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም፣ እየፈታሁና እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። እሳቸው ማንቆርቆሪያ፣ ኩራዝና የጣራ አሸንዳ ከቆርቆሮ ይሠሩ ነበር። ማንቆርቆሪያውን ፕላስቲክ፣ ኩራዙን መብራት ወሰደባቸው። አሸንዳው ቀረ። "ደብረ ታቦር ላይ ክረምት እስካለ ድረስ እኔም አለሁ" ይሉ ነበር። አጭርና ቀጭን ሰው ነበሩ። አዲስ ቆርቆሮ ሲመጣላቸው በጥፍራቸው መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፤ ድምፁ ካልጣማቸው "ይህስ ሐሜተኛ ነው" ብለው ይመልሱታል።

አንድ የሐምሌ ከሰዓት ዝናቡ መንገዱን ባዶ አድርጎት ሳለ እኔ ሱቅ ገብተው ቆሙ። የጠገንኩትን ስልክ ልሞክር ብዬ የጠፈር ፊልም ከፍቼ ነበር። አንድ ግዙፍ መንኮራኩር በስልኩ መስታወት ላይ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ቢያልፍ ቢያልፍ አያልቅም።

"ይኼን ማን ሠራው?" አሉ።

"እውነተኛ አይደለም ጋሼ። ትንሽ አድርገው ይሠሩትና ካሜራ አስጠግተው ያነሱታል። ላዩ ላይ ቧንቧ፣ ሳጥን፣ መሰላል፣ ብዙ ጥቃቅን ነገር ይለጥፉበታል። ጥቃቅኑ ሲበዛ ዓይን ትልቅ ነው ብሎ ያምናል።"

"ከምን?"

"ከተገኘው። ከተሰበረ መጫወቻ፣ ከተጣለ ዕቃ።"

ስልኩን ከእጄ ወስደው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ተመለከቱት። ከዚያ ሁሉንም ያመጣውን ጥያቄ ጠየቁኝ።

"ሰውየውስ ምን ያህላል?"

"የቱ ሰውዬ?"

"ውስጥ ያለው ነዋ! በሩን በማን ቁመት ለኩት?"

አላውቅም አልኩ። "ሰው ሳይለኩ ቤት ይሠራሉ?" ብለው ተቆጥተው ወጡ። በማግስቱ አንድ የገብስ ፍሬ በመዳፋቸው ይዘው መጡ። "ሰው ይህን ያህላል" አሉ፤ ነገሩ በዚያው ተቆረጠ።

እንዲህ ተጀመረ። አካሉ ከሰርዲን ጣሳ ነው፤ እየተዘረጋ፣ እየተቀጠቀጠ፣ እየተበየደ እንደ አልጋ ረዘመ። የተሰበረ ዣንጥላ ሽቦ አንቴና ሆነ። የሱሪ ዚፕ የጭነት መተላለፊያ ሆነ። የእስክሪብቶ ክዳን የሞተሩ ጭስ ማውጫ ነው። የእኔ የሞቱ ስልኮች ሆድ ዕቃ የውጭውን ግድግዳ አለበሰው፤ ከሩቅ ሲታይ ከተማ ይመስላል። መሰላሉን የሠራነው ከማበጠሪያ ጥርስ ነው። እኔ በቀጭኗ መለኪያዬ በካሊፐር ለክቼ፣ አንዱ መርገጫ ከሌላው የገብስ ግማሽ ያህል እንዲራራቅ አድርጌ አጣበቅሁት። ጋሽ እንድሪስ አዩትና አስነቀሉኝ።

"ምነው ጋሼ? ልኩ ትክክል ነው።"

"ነፍሰ ጡር ብትሆንስ?"

አቀራርቤ እንደገና ሠራሁት።

የተጣላነው በአሸንዳው ብቻ ነው። በመንኮራኩሩ ዙሪያ አሸንዳ ሊገጥሙ ሲያጥፉ አገኘኋቸው።

"ጋሼ፣ ጠፈር ላይ ዝናብ የለም።"

"ሄደህ አይተሃል?"

"አልሄድኩም።"

"የሄዱትስ በሐምሌ ነው የሄዱት?"

ይህን ማጣራት አልቻልኩም። አሸንዳው ተገጠመ፤ እውነቱን ለመናገር ከጠቅላላው ሥራ የሚያምረው እሱ ነው።

ተሳፋሪዎቹን የመረጧቸው እሳቸው ራሳቸው ናቸው። አንድ ሰፌድ ገብስ አፍስሰው፣ ለበሩ የሚሆነውን ቁመት እየለኩ፣ ወገቡ የጎበጠውን እየጣሉ። ለእያንዳንዱ ሥራ ሰጡት፤ ሾፌር አለ፣ መካኒክ አለ፣ ነርስ አለች፣ ሙአዚን አለ፣ ለክርስቲያኖቹም ዲያቆን አለ። ረዳትም አለ።

"ረዳት ምን ያደርጋል?" አልኳቸው።

"ረዳት የሌለው መኪና የት ሲሄድ አየህ?"

ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ። ተሳፋሪዎቹ እርጥበት ይዟቸዋል ብለው በትሪ ላይ አሰልፈው በራቸው ላይ ፀሐይ አስሞቋቸው። ጎረቤታችን እትዬ አዛለች ጠላ የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ አንዲት ክፉ ገብስማ ዶሮ አለቻቸው። ጋሽ እንድሪስ ለቀትሩ የዙሁር ሰላት ውዱእ ሲያደርጉ፣ እጅ እግራቸውን ሲታጠቡ ዶሮዋ መጣች። እኔ ስደርስ ትሪው ባዶ ነበር። ረዳቱ ብቻ ብረት ማሰሪያው ሞርሳ ሥር ወድቆ ተረፈ።

ጋሽ እንድሪስ አልጮኹም። ሱቃቸውን ዘግተው፣ በሩ ላይ ሰሌን አንጥፈው፣ ለቅሶ ተቀመጡ።

ሰው መጀመሪያ እየሳቀ አለፈ። ግን በእኛ አገር ለቅሶ የተቀመጠን ሰው ጥሎ ማለፍ ነውር ነው፤ ሟቹ ማን እንደሆነ የሚጠየቀው ከተቀመጡ በኋላ ነው። ስለዚህ የማያውቀው ሁሉ ተቀመጠ፤ የሚያውቀውም ሌላው ተቀምጦ ሲያይ አፈረና ተቀመጠ። ከነዚህ አንዱ ከጋፋት በግ ሊሸጡ የመጡት ሽማግሌ ገበሬ፣ አያ ፈንቴ ነበሩ። በጋቸውን ከእግራቸው ሥር አስረው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ብዙ ከቆዩ በኋላ ወደኔ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፣

"ማነው የሞተባቸው?" አሉኝ።

"ሾፌሩ፣ መካኒኩ፣ ነርሷ..."

"ኧረ ኡኡ! መኪና ተገለበጠ?"

"ዶሮ በላቻቸው።"

አያ ፈንቴ አሰቡ፣ አሰቡ። "የየት አገር ዶሮ ናት?" አሉ።

እትዬ አዛለች ነገሩ ሲደርሳቸው ወገባቸውን ይዘው መጡ።

"አንቱ ሰውዬ፣ ጤና የለዎትም? ገብስ ከሆነ የጎደለብዎ እፍኝ ሙሉ እሰጥዎታለሁ!"

"አዛለች፣ ሰው በእፍኝ አይሰጥም" አሉ ጋሽ እንድሪስ፣ ቀና ሳይሉ። "ወግ ያለሽ ሰው ከሆንሽ ሽማግሌ ላኪብኝ።"

"ለዶሮዬ? ሽማግሌ? እርጉም!" ብለው ሄዱ። ዶሮዋም ተከትላቸው ሄደች።

ይህ ወሬ ባሕር ዳር ድረስ ተጓዘ። የጋሽ እንድሪስ ልጅ ጀማል እዚያ የሕንፃ ዕቃ ይሸጣል። እናቱ ከሞቱ ጀምሮ አባቱን "ወደኔ ይምጡ" ሲል ኖሯል፤ እሳቸውም "ክረምቱ ይውጣ" ሲሉ ኖረዋል። ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት አሸንዳ ሲሰቅሉ ከጣራ ወድቀው ጎናቸውን ተጎድተው ነበር፤ ጀማል የሰማው ከዳኑ በኋላ ነው። አሁን አባትህ ለገብስ ለቅሶ ተቀምጠዋል ሲሉት ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም። በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣ።

ከእኔ ጋር ሰላም ተባብሎ መንኮራኩሩን አየና ፊቱ ጠቆረ። "እስቲ ንገረኝ፣ ከሳቸው ጋር ገብስ ስትለካ የዋልከው አንተ ነህ?" አለኝ።

"ነኝ አያ ጀማል።"

"አላህ ይይልህ።"

ሽማግሌ ሰበሰበ። አንዱ በሠፈሩ የተከበሩት ሐጂ ኑሩ ናቸው። ሁለተኛ ሲፈለግ ጋሽ እንድሪስ "ለቅሶዬን የደረሰ ሰው ይሁን" አሉና አያ ፈንቴ ከጋፋት ተጠሩ። ሱቁ ውስጥ፣ መንኮራኩሩን መሐል አድርገን ተቀመጥን።

ጀማል ተነሥቶ ተናገረ። ጥሩ ተናጋሪ ነው። "አባቶቼ፣ እኔ አባቴን የማዋርድ ልጅ አይደለሁም። ብቻቸውን ናቸው። ከጣራ ወድቀው እንኳ አልነገሩኝም። ስልክ ሲጠራ ሁልጊዜ የሞታቸው ይመስለኛል። ጭራሽ ይኸው፣ ለገብስ ሥራ ሰጡ፣ አለቀሱ፣ ከዶሮ ጋር እርቅ አምጡ አሉ። ከዚህ በኋላ ብቻቸውን ልተዋቸው? ፍረዱኝ፣ ይዣቸው ልሂድ።"

 እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር።

"እንድሪስ፣ እውነት ነው?" አሉ ሐጂ ኑሩ።

"አንዷ ብቻ ሐሰት ናት" አሉ ጋሽ እንድሪስ።

"የትኛዋ?"

"ከዶሮዋ ጋር ልታረቅ አላልኩም። ዶሮ ምን ታውቃለች? ከባለቤቷ ጋር ነው ያልኩት።"

አያ ፈንቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይህስ ልክ ነው። እንስሳ ቢያጠፋ የሚጠየቅ ባለቤቱ ነው። በሬዬ ሰው ቢወጋ እኔ ነኝ የምጠየቅ።"

"አያ ፈንቴ፣ ገብስ ነው እኮ!" አለ ጀማል።

"ቆይ፣ ልይ" ብለው ተነሡ። ጋቢያቸውን አስቀምጠው መሬት ላይ በሆዳቸው ተኙና በአንዱ መስኮት አዩ። ብዙ ቆዩ። መሰላሉን አዩ፣ አልጋዎቹን አዩ፣ የሾፌሩን ወንበር አዩ። ወንበሩ ባዶ ነበር። ሲነሡ ፊታቸው ሌላ ነበር።

"አዛለች ትጠራ" አሉ።

ጉባኤው በዚያ መንገዱን ሳተ። እትዬ አዛለች ተጠርተው መጡ። ዶሮዋ ያልታሰረችው ለምን እንደሆነ ተጠየቁ። ትሪው መሬት ላይ ነበር ወይስ ከፍ ብሎ? መሬት ላይ ከሆነ ጥፋቱ የጋራ ነው አሉ ሐጂ ኑሩ። በርጩማ ላይ ነበር አልኩ እኔ፤ ቁመቱንም ተናገርኩ። ጀማል አንዴ እኔን፣ አንዴ ሽማግሌዎቹን ያያል። ስለ አባቱ የተጠራው ሸንጎ ስለ ዶሮ ሲፈርድ ዋለ።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። እትዬ አዛለች ከራሳቸው ገብስ፣ በሟቾቹ ልክ፣ አንድ በአንድ መርጠው ይተካሉ። ተተኪዎቹ ገብተው፣ መንኮራኩሩ አልቆ፣ ሽማግሌ ባለበት "ታርቀናል" ይባላል።

"አባቴስ?" አለ ጀማል።

"እርቅ ሳይፈጽም ከሳሽ አገር ጥሎ ይሄዳል እንዴ?" አሉ አያ ፈንቴ። "ነገር ክፍት አድርጎ? እንዲህ ያለ ሥራ እኛ ዘንድ የለም። ሲጨርስ ውሰደው። እንድሪስ፣ ትሄዳለህ?"

"ሲያልቅ እሄዳለሁ" አሉ ጋሽ እንድሪስ። "ቃሌ ነው።"

ሐጂ ኑሩ ቆባቸውን አስተካከሉ።

እትዬ አዛለች በማግስቱ ገብሱን አመጡ። ወንድማቸው ገሳይ አካባቢ የሚያርሰው የደጋ ገብስ ነው፤ ወፍራም፣ ረጅም፣ ኩሩ ገብስ። በካሊፐር ለካሁት። ከበሩ ይበልጣል።

"ራሳቸውን ይመታሉ" አልኩ።

"ጎንበስ ብለው ይግቡ" አሉ እትዬ አዛለች።

"ሰው በገዛ ቤቱ ዕድሜ ልኩን ጎንበስ ይላል?" አሉ ጋሽ እንድሪስ።

በሩ ይስፋ ተባለ። በሩ ከሰፋ መስኮቱ ያንሳል። መስኮቱ ካደገ መሰላሉ፣ መሰላሉ ካደገ አልጋው። እኔ በቃሌ አስልቼ፣ ሰው በዚህን ያህል ካደገ ሁሉም ነገር በዚያው ልክ ማደግ አለበት፣ አለዚያ ልኬቱ ውሸት ይሆናል አልኩ። ጋሽ እንድሪስ ምሥራች እንደ ሰማ ሰው እጃቸውን አጨበጨቡ። በዚያው ቀን መበየጃውን አጋሉና ከአፍንጫው ጀምረው መፍታት ያዙ።

ከዚያ ወዲያ ነው ነገሩ ያበደው። ጀማል አባቱን ለመውሰድ መንኮራኩሩ ማለቅ አለበት፤ ስለዚህ ከሁላችን ይልቅ የሚቸኩል ሠራተኛ እሱ ሆነ። በመጣ ቁጥር የአሉሚኒየም ቁራጭ፣ የቧንቧ መገጣጠሚያ፣ ከሚሸጠው ዕቃ የተራረፈ ነገር ሁሉ በከረጢት ይዞ ይመጣል። ድሮ ሲደውል "ጤናዎ እንዴት ነው?" ብሎ በዚያው ይዘጋ ነበር። አሁን ግን "ክንፉ ቆመ?" ይላል፤ አባቱ አልቆመም ይላሉ፤ "በምን በኩል ነው የሚያጋድለው?" ይላል፤ ከዚያ ወሬው አያልቅም። ስልኩን በግድግዳው በኩል እሰማዋለሁ። አንድ ቀን ስለ ነዳጅ ማጠራቀሚያው ተጨቃጭቀው ሁለቱም ተኳርፈው ዘጉ፤ ጀማል ግን ወዲያው መልሶ ደውሎ "ከታች ይሁን፣ ተሸንፌአለሁ" አለ። ሸሚዙን አውልቆ፣ የቆርቆሮ መቀስ ይዞ፣ ከአባቱ ጎን መሬት ላይ ተቀምጦ አሸንዳ ሲያጥፍ ያየሁበት ቅዳሜ አለ። ጋሽ እንድሪስ ያጠፈውን በጥፍራቸው መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ። "ይሁን" አሉ። ጀማል እንደ ሕፃን ቀላ።

ግን ሥራ ማለቁ አይቀርም። አንድ ቀን የሚሠራ ነገር ጠፋ።

ሽማግሌዎቹ መጡ። እትዬ አዛለች ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ፤ ተሳፋሪዎቹን በወረንጦ እያነሡ፣ "ሾፌሩ ይኸው፣ ነርሷ ይችውና" እያሉ አንድ በአንድ አስገቡ። መጨረሻ ላይ ጋሽ እንድሪስ የተረፈውን ረዳት አስገቡት፤ አሁን ከሁሉም አጭር እሱ ነበር። ታረቁ። እትዬ አዛለችና ጋሽ እንድሪስ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ማንም ግን አልሳቀም። የጋሽ እንድሪስ የሥራ ሳጥን በር ላይ በገመድ ታስሮ፣ አጠገቡ አንድ ትንሽ ሻንጣ ተቀምጦ ነበር። ይህን ስናይ ሁላችንም ወለል ወለሉን አየን።

"ባለ ስልኩ፣ አንተ ልክ የምታውቀው ተናገር" አሉኝ አያ ፈንቴ። "አልቋል?"

ካሊፐሩን ይዤ ዞርኩት። በሩን፣ መሰላሉን፣ ወንበሩን ለካሁ። አንድ ስሕተት ፈለግሁ፤ እግዜር ያውቃል ፈልጌአለሁ። አላገኘሁም። መዋሸትም አልቻልኩበትም።

"አልቋል" አልኩ።

"እንግዲህ ቃል ቃል ነው" አሉ ጋሽ እንድሪስ። ሻንጣቸውን አነሡ። እጃቸው ላይ ሻንጣው የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

ጀማል አልተንቀሳቀሰም። አባቱን አየ። ከዚያ ስልኬን ተቀብሎ መብራቱን አበራና መሬት ላይ በሆዱ ተኛ። በአንዱ መስኮት አየ፣ ተሳበ፣ በሌላው አየ። ብዙ ቆየ። ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ።

"መጸዳጃ ቤቱ የታለ?" አለ።



"ምን አልክ?" አሉ ጋሽ እንድሪስ።

"ይህ ሁሉ ሰው እዚህ ውስጥ ሲኖር የት ነው የሚወጣው? ነርስ አስገብተው መጸዳጃ ቤት የላቸውም?"

"ሱብሓነላህ" አሉ ሐጂ ኑሩ። "እውነቱን ነው።"

እትዬ አዛለች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ጋሽ እንድሪስ ሻንጣውን አስቀምጠው መንኮራኩሩን ዞሩት፣ ልክ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳዩት ሁሉ። "አላሰብኩትም" አሉ ቀስ ብለው። "ወላሂ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ አላሰብኩትም።"

"ከኋላ በኩል ይሁን" አሉ አያ ፈንቴ፣ "ሽታው ወደ ፊት እንዳይመጣ።"

"የትም ይሁን" አሉ ሐጂ ኑሩ፣ "ብቻ የሚቀመጥበት ሰው ፊቱም ጀርባውም ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ፣ እንዳይሆን።"

"ሐጂ፣" አልኩ፣ "መንኮራኩሩ እኮ ይዞራል። አንዴ እንደሄደ ቂብላ በየት በኩል እንደሚሆን አይታወቅም።"

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ሐጂ ኑሩ ጢማቸውን ያዙ። አያ ፈንቴ ሐጂን አዩ። ጋሽ እንድሪስ የሳጥናቸውን ገመድ መፍታት ጀምረው ነበር።

"ይህ ከባድ ነው" አሉ ሐጂ ኑሩ በመጨረሻ። "ይህ ዑለማ የሚጠየቅበት ነው። ወሎም ድረስ ሰው መላክ ሊኖርብን ነው።"

ጀማል ሰዓቱን አይቶ ሚኒባሱ እንዳያመልጠው ተነሣ። ሽማግሌዎቹን ተሰናበተ፣ እኔን ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ከበሩ ላይ ሲደርስ ዞረ። አባቱ የመንኮራኩሩን ጣራ አንሥተው ጭንቅላታቸውን እስከ ጆሯቸው አስገብተው ነበር።

"አባ፣ ሲያልቅ ይደውሉልኝ።"

"እሺ ልጄ፣ እደውላለሁ" አሉ ከውስጥ።

አልደወሉም።